ለደከመ ሰው የሚባል ነገር

በዚያ የተራራ መንገድ ሻንጣ የሚያመላልሱ በቅሎ ነጂዎች አንድ የቆየ ቀልድ ነበራቸው። ተጓዥ ደክሞት "ስንት ይቀረናል?" ሲላቸው፣ "ላይኛው ሜዳ ስትደርስ መጀመሪያ ባልየውን ጠይቅ፣ ቀጥለህ ሚስትየዋን ጠይቅ፣ ከዚያ ደምረህ ለሁለት አካፍል" ይሉታል። ባልየው ሁልጊዜ "ደርሰሃል፣ ቅርብ ነው" ነው መልሱ። ሚስትየዋ ደግሞ ከማድቤት አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ "ምን ቅርብ ነው? ሩቅ ነው፤ ይልቅ ቁጭ በልና ብላ" ትላለች። ተጓዡ ይስቃል፣ ይቀመጣል፣ ይበላል። እንዲህ እየተባባሉ በአንድ ማረፊያ ቤት ውስጥ አረጁ።

ሚስትየዋ ስትሞት "ሩቅ ነው" የሚል ሰው በቤቱ ጠፋ።

ሰውየው ውሸታም አልነበረም። በዚያ ዳገት ላይ ያደገ ሁሉ የሚናገረው እንዲሁ ነው። ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ የመጣን ሰው "ገና ብዙ ይቀርሃል" ማለት ገደል አፋፍ ላይ የቆመን እንደ መግፋት ይቆጠራል። እግር በልብ ነው የሚሄደው ይላሉ፤ ልብ ከተቀመጠ እግር አይነሳም። ስለዚህ ቅርብ ይባላል። ተጓዡም እያማረረ ይደርሳል፤ ከደረሰ በኋላ ተመልሶ የተጣላቸው የለም። እሱ ግን ከሁሉም አብዝቶ ይለው ስለነበር በቅሎ ነጂዎቹ "አባ ቅርቡ" የሚል ስም አወጡለት። ሲጠሩት ወይ ይላል።

ቤቱ ላይኛው ሜዳ ጫፍ ላይ ብቻውን የቆመ ነው። ሁለት የእንግዳ ክፍል፣ አንድ ማድቤት፣ ነፋስ እንዳይገነጥለው ድንጋይ የተጫነበት የቆርቆሮ ጣራ። በበሩ አጠገብ እርጥብ ጫማ የሚደረደርበት ረጅም አግዳሚ አለ። ሌሎቹ የአካባቢው ሰዎች በመንገዱ ዳርና ዳር እዚህ አንድ ቤት፣ እዚያ ሁለት ቤት ሆነው ተበታትነዋል። ጎረቤት የሚባለው ጮኸው ከጠሩት ድምፁ የማይደርሰው ሰው ነው።

እሷ የሞተችው በክረምት መውጫ ነው። ሳንባዋ ነው አሉ። የተቀበረች ዕለት ሰዎች እሱን እያዩ ነበር፤ አሁን ያለቅሳል ብለው ጠበቁ፣ እሱም እንባውን ጠበቀ። አልመጣም። ማታ እንግዶች ነበሩና ሾርባ ሠራላቸው። ከዚያም በኋላ አልመጣም። ሾርባው ላይ ወይ ሁለቴ ጨው ይጨምራል፣ ወይ ጭራሽ አይጨምርም፤ ተጓዦች ሁኔታውን አይተው ዝም ብለው ይበሉለታል። ከመኝታ ቤቱ ወጥቶ የእንግዳ አልጋ ላይ መተኛት ጀመረ፤ ለምን እንደሆነ ራሱን አልጠየቀም። አንድ ቀን በር ጣቱን ቀጥቅጦት ጥፍሩ ጠቆረ። በቅሎ ነጂ አይቶ እስኪነግረው ድረስ አላወቀም ነበር።

"አያምህም እንዴ?" አለው በቅሎ ነጂው።

"ያመኛል መሰለኝ" አለ።

ውሃ መቅዳት የእሷ ሥራ ነበር። እሱ ያበስላል፣ አልጋ ያነጥፋል፣ ከበቅሎ ነጂዎች ጋር ይከራከራል፤ እሷ ውሃ ትወርዳለች። ሥራውን እንዲያ ብሎ ማን እንዳከፋፈለው አይታወቅም፤ ሲጋቡ ጀምሮ እንደዚያው ነበር። ከሞተች በኋላ ጀሪካኑን ይዞ ሲወርድ ነው መንገዱን ያወቀው። ምንጩ ያለው ከገደሉ ሥር፣ ታችኛው ሜዳ ላይ ነው። መውረዱ ጉልበት ይበላል፣ መውጣቱ ወገብ። እኩሌታው ላይ ጠርዙ የለሰለሰ አንድ ድንጋይ አለ። የእሷ ማረፊያ እንደነበር የገባው ራሱ ሲቀመጥበት ነው። ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ ወጣ። ከዚያን ቀን የሚያስታውሰው ውሃው ጀርባውን እንዳራሰው ብቻ ነው።

የፕላን ቢሮ ሰዎች የመጡት በቀጣዩ በጋ ነው። የምትመራቸው አንዲት ወጣት ሴት ነበረች፤ አገሬው "ኢንጅነሯ" አላት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በመንገዱ የሚያልፈው ተጓዥ ከዓመት ዓመት እየበዛ ነው። ነዋሪው ግን ተበታትኖ ስለሚኖር ከአንድ ክፍል ያለፈ ትምህርት ቤትም፣ ክሊኒክም፣ መብራትም ማድረስ አልተቻለም። ስለዚህ አንድ ምቹ ቦታ መርጦ፣ ቤት መሥሪያ ቦታ ሸንሽኖ፣ ፈቃደኛ የሆነውን ሁሉ እዚያ መሰብሰብ፤ ተጓዡም እዚያ እንዲያድር፣ ነዋሪውም ከተጓዡ እንዲጠቀም። ለዚህ ከላይኛው ሜዳ የተሻለ ቦታ አይታይም። ሰፊ ነው፣ ለጥ ያለ ነው፣ ከአፋፉ ላይ የሚታየው ነገር ደግሞ ተጓዡን ያፈዝዘዋል።

አባ ቅርቡ ቤት ሲደርሱ ኢንጅነሯ እያነከሰች ነበር። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች። ተረከዟ ተልጦ ካልሲው ላይ ተጣብቋል፤ ከንፈሯ በነፋስ ተሰነጣጥቋል።

"አባባ፣ ውሃ ከየት ነው የምትቀዱት?" አለችው።

"ከታች። ከምንጩ።"

"ይርቃል?"

የተላጠ ተረከዟን አየ።

"ኧረ ቅርብ ነው ልጄ።"

ልጅቷ ጠንቃቃ ነበረች፤ በአንድ ሰው ቃል አልቆመችም። እያነከሰች ስትወርድ መንገድ ዳር ያለችውን ባለ ሱቅ ጠየቀች። ባለ ሱቋ "እዚሁ ታች አይደል እንዴ!" አለቻት። የአካባቢውን ሊቀመንበር ጠየቀች። ሊቀመንበሩ "አንድ እርምጃ ነው" አላት። ካርታዋ በሜዳውና በምንጩ መካከል ያሉትን መስመሮች አጣብቆ ነበር ያሳየው፤ ያ የገደል ምልክት እንደሆነ ታውቃለች። ግን ወረቀት ከሚለው ይልቅ የኖረበት ሰው የሚለውን ስማ ተብላ ነው የተማረችው። ሦስት ሰው አንድ ቃል ተናግሯል። ሰውን አመነች።

ከወራት በኋላ ችካል ይዘው ተመለሱ። ላይኛው ሜዳ ቀይ ጨርቅ በታሰረባቸው ችካሎች ተሞላ፤ ከሩቅ ሲያዩት ቀይ አበባ የተዘራበት ይመስላል። የእሱ ማረፊያ ቤት ባለበት ይቆያል። ጎኑ ያለው ቦታ ደግሞ ለልጁ ደረሳት።

አንድ ልጁ ናት። መኪና እስከሚደርስበት ታችኛው ከተማ ወርዳ፣ ከወፍጮ ቤት ጀርባ ባለች የኪራይ ክፍል ነበር የምትኖረው። ባሏ በቅሎ ነጂ ነው፤ ብዙውን ቀን መንገድ ላይ ነው። የወፍጮው ዱቄት በስንጥቁ እየገባ አልጋዋን፣ ፀጉሯን፣ ድስቷን ያለብሰዋል። እርጉዝ ነበረች። የደረሳትን ቦታ ለማየት ስትመጣ በችካሎቹ መካከል ወዲያ ወዲህ እያለች ገና ያልተሠራ ቤቷን አስጎበኘችው።

"አባዬ፣ ይሄ መኝታ ቤቴ ነው። መስኮቱን ወዳንተ አደርገዋለሁ። ስጮህ ትሰማኛለህ።"

"ባትጮሂም እሰማሻለሁ።"

"ጆሮህማ ድሮም የማይመለከተውን ነው የሚሰማው።" ሆዷን ይዛ ችካሉ ላይ ተደገፈች። "አንተም ሾርባህን ትተህ እኔ ጋ ትበላለህ። በቅሎ ነጂዎቹ እንደ በሽተኛ ነው የሚቀምሱት ይላል ባሌ።"

"ውሃውስ?" አላት።

"ቧንቧ ያመጣሉ እንጂ! ይሄን ሁሉ ሕዝብ ያለ ቧንቧ እዚህ ሊከምሩት ነው? የተማሩ ሰዎች እኮ ናቸው።"

እሱም እንደዚያ ነበር ያሰበው። ሁሉም እንደዚያ ነበር ያሰበው። መስኮቱ ይሆናል ያለችውን ባዶ አየር ቆሞ አየ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ምንም ነገር አልፈለገም ነበር፤ ይሄን ግን ፈለገ። በመፈለጉ ትንሽ ደንገጥ አለ፣ የደነዘዘ እግር ሲነቃ እንደሚወጋው።

ያን ዕለት ምሽት ኢንጅነሯ እሱ ቤት አደረች። ሾርባዋን ስትበላ ከፊቷ ተቀምጦ፣ "ቧንቧው በየት በኩል ነው የሚመጣው?" ሲል ጠየቃት።

"የምን ቧንቧ?"

"የውሃ።"

"ቧንቧ የለም እኮ አባባ። ውሃው ቅርብ ስለሆነ የእሱን በጀት ለክሊኒኩ አዞርነው።" ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ምንጩ ከሥር ነው ያለው፤ ወደዚህ ለማምጣት ፓምፕ ያስፈልጋል። ውሃ ሽቅብ አይፈስም። ለዚያ የሚሆን አቅም የለንም።"

"ሩቅ ቢሆን ኖሮስ?"

"ሩቅ ቢሆንማ ሰፈሩን ታችኛው ሜዳ ላይ ነበር የምናደርገው። መንገዱም በዚያው ይዞር ነበር። እርስዎ ጋ ማንም አይደርስም ነበር።" ፈገግ አለች። "እንኳን ቅርብ ሆነልዎት።"

ሳህኑን አነሳና ሄዶ አጠበው።

ለብዙ ቀናት ምንም አልተናገረም። መናገር ከባድ አልነበረም፤ ሊቀመንበሩ በደጁ አልፏል፣ ባለ ሱቋም ዱቄት ልካለታለች። ጠዋት ይነሳል፣ ውሃ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ችካሎቹን ያያል። ዝም ካለ ልጁ ጎኑ ትሆናለች። ከተናገረ ልጁ ገደሉ ሥር ትቀራለች፣ እሱም ከመንገድ ወጥቶ ላይ ይቀራል። ሂሳቡ ቀላል ነበር። ሌላው ወገን ላይ ያለውን ነገር ግን ማሰብ ይጀምርና ሐሳቡ መሃል ላይ ይቆምበታል፤ ያቋረጠው የት እንደነበር ፈልጎ አያገኘውም።

ልጁ ለጥቂት ቀን እሱ ዘንድ ሰነበተች። አንድ ጠዋት ለእንግዶች ዳቦ ሲቆርጥ ጀሪካኑ በቦታው እንደሌለ አየ። ወደ አፋፉ ሄደ። ልጁ ከሥር እየወጣች ነው። ጀሪካኑን በጀርባዋ አዝላ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ፣ ሌላውን ሆዷ ሥር አድርጋ፣ ጥቂት ትራመዳለች፣ ትቆማለች። አንገቷን የምትሰብርበት አኳኋን የእናቷ ነው። እናቷን ግን እንዲህ ስትወጣ አንድም ቀን ቆሞ አይቷት አያውቅም።

ወርዶ ተቀበላት።

"ምን አስወረደሽ?"

"ልለማመድ ብዬ" አለች እየተነፈሰች። "ለጥቂት ጊዜ ነው፣ ቧንቧው እስኪገባ። እማዬ ዕድሜ ልኳን አላደረገችውም እንዴ?"

ጀሪካኑን ከጀርባዋ አወረደላት። ጀሪካኑ ሙሉ ነበር። ሙሉ እንደሆነ ራሱ ይዞት ወጣ።

ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት የመጨረሻው ስብሰባ የተደረገው ባለ አንድ ክፍሉ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ውጭ ጄኔሬተር ይንጫጫል፤ ግድግዳው ላይ ካርታ በብርሃን ተዘርግቷል። ሰው በልጆች ወንበር ላይ ተጣቦ ተቀምጧል። ቤቶቹ ቢጫ ናቸው፣ መንገዱ ነጭ ነው፤ ከቤቶቹ ጎን አንዲት ሰማያዊ ነጥብ አለች፣ ምንጩ። በካርታው ላይ ጎረቤት ይመስላሉ።

ኢንጅነሯ ተናግራ ጨረሰችና፣ "ሐሳብ ያለው?" አለች።

ባለ ሱቋ ሱቋ ከማረፊያ ቤቱ ፊት ለፊት እንዲሆን ጠየቀች። "ጀርባው ብታደርጉኝ ማን ያየኛል? መልኬ እንደሆነ ከሩቅ አይጠራ።" ተሳቀ። ሊቀመንበሩ ስለ መብራት ምሰሶ አንድ ረጅም ነገር ተናገረ፤ ምን ለማለት እንደፈለገ የገባው የለም።

አባ ቅርቡ ተነሳ።

"ውሃው ሩቅ ነው" አለ።

"የቱ ውሃ?"

"ምንጩ። ከሜዳው ሩቅ ነው።"

ኢንጅነሯ ግራ ገብቷት አየችው። "አባባ፣ ቅርብ ነው ያሉኝ እርስዎ ራስዎ አይደሉም?"

"ደክሞሽ ነበራ።"

ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ወደ ባለ ሱቋ ዞረች። "እርስዎስ እናቴ? እዚሁ ታች ነው አላሉኝም?"

"ታዲያ ምን ልበልሽ የኔ ልጅ? ከንፈርሽ ደርቆ፣ እግርሽ እያነከሰ። ለደከመ ሰው ሩቅ ነው ይባላል?"

"ሊቀመንበር?"

ሊቀመንበሩ ኮቱን አስተካከለ። "እኔ አንድ እርምጃ ያልኩት ለማለት ያህል ነው።"

"ለማለት ያህል" አለች ቀስ ብላ። ከፊት ያለችው ትንሽ ወንበር ላይ ቁጭ ስትል ጉልበቷ ደረቷ ላይ ደረሰ። "የካርታው ወረቀት እዚህ ተለጥፎ ሰንብቷል። ለምን አንድ ሰው አልነገረኝም?"

"ቧንቧ ያለ መስሎን ነዋ" አለ ከኋላ አንድ ሽማግሌ በቅሎ ነጂ። "ጥፋቱ ያንቺም ነው። እዚያ ቤት ማን እንደሚጠየቅ መንገደኛ ሁሉ ያውቃል። ሚስትየዋን ብትጠይቂ ኖሮ—"

አረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። እጁን አፉ ላይ አደረገ። ሁሉም አባ ቅርቡን ላለማየት ወደ ካርታው አዩ። እሱም ካርታውን አየ።

"ቧንቧ የለም" አለ ለሁሉም። "ፓምፕ ይፈልጋል፣ አቅም የለም። ሰፈሩ ከሜዳው ላይ ከሆነ ውሃው በጀርባ ነው የሚመጣው።" ተቀመጠ።

ልጁ ውጭ ጠበቀችው። የተቆጣች ሰው አትመስልም ነበር፤ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች።

"ቧንቧ እንደሌለ መቼ ነው ያወቅኸው?"

"ችካሉን የተከሉ ጊዜ።"

"እኔ እዚያ ዳገት ላይ ስወጣ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"እና ዝም አልክ።"

"መስኮቱን ፈልጌው ነበር" አለ።

ነጠላዋን ለቀቀችው። "አሁንስ አጣኸው። ሰፈሩን ወደ ታች እንደሚያወርዱት አታውቅም?"

"አውቃለሁ።"

"እማዬ እንዴት ችላህ ኖረች፣ አንተ ሰውዬ?"

"እንጃ" አለ። እውነቱን ነበር።

በማግስቱ ኢንጅነሯ ጀሪካን ያዘችና "ያሳዩኝ" አለችው። አብረው ወረዱ። ስትወጣ ራሷ ካልተሸከምኩ ብላ ያዘችው፤ ከለስላሳው ድንጋይ ሳትደርስ አስቀመጠችው። የዚያን ጊዜውን "ይርቃል?" አልደገመችውም። እሱም ቅርብ ነው አላላትም። አፋፉ ላይ ስትደርስ ሜዳውን፣ ችካሎቹን፣ ቀዩን ጨርቅ ለጥቂት ጊዜ ቆማ አየች። "በጣም የሚያምር ቦታ ነበር" አለች፣ ስለ ሞተ ሰው እንደሚወራው።

ሰፈሩ ታችኛው ሜዳ ላይ ተሠራ። ቦታው ጠባብ ነው፣ ፀሐይ ዘግይታ ትወጣለች፣ ቀድማ ትጠልቃለች፤ የሚታይ ነገር የለውም፣ የገደል ግድግዳ ብቻ። ውሃው ግን ከምንጩ በራሱ ቁልቁል እየፈሰሰ በየግቢው ገባ። የተጓዦቹም መንገድ በገደሉ ሥር ዞረ። ላይኛው ሜዳ ላይ ችካሎቹ ተነቀሉ፤ ጥቂት ጊዜ ቀዳዳዎቻቸው ታዩ፣ ከዚያ ሣር ሸፈናቸው።

አባ ቅርቡ ጋ የሚመጣ እንግዳ ቀነሰ፣ ከዚያ ቀረ። አልጋዎቹን አማቹ በበቅሎ እየጫነ አወረዳቸው፤ ልጁ ከቤቷ ጎን ሁለት ክፍል ቀጥላ ተጓዥ ታሳድርባቸዋለች። ሲጫኑ ቆሞ ገመድ ይይዝ ነበር። ሰዎች የሚከፋው መስሏቸው አጠገቡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወሩ ነበር። ይከፋው እንደሆነ እሱም ጠበቀ፤ እንደ ቀብሩ ቀን።

ልጁ ወንድ ወለደች። መጀመሪያ አካባቢ አባቷን ብዙም አታናግረውም ነበር፤ ሕፃኑ ሲያለቅስ ግን እጇ አልበቃት ሲል "እስቲ ያዘው" ትለዋለች፣ ይይዘዋል። ቀስ በቀስ ሌላም ነገር ማለት ጀመረች። ጓሮ ያለውን ክፍል አሳየችው፤ ምድጃ አለው፣ ደረቅ ነው። "ለምን ጠቅልለህ አትመጣም? እዚያ ላይ ከንፋስ ጋር ምን ትሠራለህ?" አለችው።

"ይታያል" አለ።

"ይታያል ማለት እምቢ ማለት ነው፣ አውቅሃለሁ።"

እምቢ አላለም፣ እሺም አላለም። የእሱና የሚስቱ መኝታ ቤት እዚያ ላይኛው ቤት ነው፤ እዚያ ተመልሶ መተኛት ከጀመረ ገና ቅርቡ ነው። ያን ለልጁ አልነገራትም፤ ቢነግራትም ምን ብሎ እንደሚነግራት አያውቅም።

ውሃ ግን ያስፈልገዋል። ስለዚህ በየጠዋቱ ይወርዳል። ልጁ ጋ ማድቤት ገብቶ ሻይ ይጠጣል፤ ሕፃኑን ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል፤ ጥርስ ያወጣ እንደሆነ ድዱን በጣቱ ያያል። በቅሎ ነጂዎች ካሉ ይሳለቁበታል፣ አልፎ አልፎ ይመልስላቸዋል። ከዚያ በእጁ የያዛትን ትንሽ ጀሪካን ከግቢው ቧንቧ ይሞላና ይወጣል።

አንድ ጠዋት ልጁ ቧንቧውን እየዘጋች፣ "አባዬ፣ ይቺን ሚጢጢ ጀሪካን ለምን ትይዛለህ?" አለችው። "ትልቁን በበቅሎ ብታወርደው ለሳምንት ይበቃህ ነበር። በየቀኑ ይሄን ዳገት ባልወጣህ።"

"ትልቁ ያፈሳል" አለ።

አማቹ የበቅሎ ኮርቻ እያጠበቀ ነበር። "ታዲያ ያምጡት አባባ፣ እደፍነዋለሁ። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።"

"እሺ" አለ።

ትልቁ ጀሪካን ያለው ላይኛው ቤት ከበሩ ጀርባ ነው፤ አንድም ቀዳዳ የለውም። በማግስቱም ትንሿን ይዞ ወረደ። ልጁ አየቻት፤ ሻዩን ቀዳችለትና ሕፃኑን አቀበለችው።